ደካማ ካርታ ይዞ መሰንበት፦ ስለ ፖከር ውድድር የአንድ መሐንዲስ ማብራሪያ

በዚህ አምድ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ታሪክና ስለ ስደት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፖከር ግን ሲጻፍ አላየሁም። ምክንያቱ አይጠፋኝም። በእኛ ዘንድ በገንዘብ የሚጫወቱት ካርታ ሁሉ «ቁማር» ነው፤ ቁማርተኛ ደግሞ ደመወዙን በአንድ ሌሊት በትኖ ሚስቱን የሚያስለቅስ ሰው ነው። ይህ ፍርድ ከሜዳ የተገኘ አይደለምና አልከራከረውም። ነገር ግን ልጆቻችን ይጫወታሉ፤ ከእኛ ከታላላቆቻቸው የሚሰሙት ምክርም «ተዉ» ከሚለው ቃል አላለፈም። «ተዉ» ተብሎ ያልተወ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን አውቆ ያድርገው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የምኖረው በስቶክሆልም ደቡብ ምዕራብ፣ የቀዩ መስመር 13 ቁጥር ባቡር በሚያበቃበት በኖርስቦሪ ነው። እዚህም ሆነ በአጎራባቾቹ በሀሉንዳ፣ በአልቢና በፊትያ የሀበሻ ቤተሰብ አለ። ዓርብ ማታ ከሥራ የወጡ ወጣቶች አንዱ ቤት ይሰበሰቡና በነፍስ ወከፍ 200 ክሮነር እያዋጡ ውድድር ያደርጋሉ። አልፎ አልፎ እኔም እቀመጣለሁ። ሁለት መቶ ክሮነር ብዙ አይደለም ይባል ይሆናል፤ በወር አራት ዓርብ ሲሆን ግን 800 ነው፣ ላንዳንዱ ልጅም ይህ ገንዘብ ለእናቱ ከሚልከው ላይ የሚቀነስ ነው። ከጠረጴዛው ቀድሞ የተነሣ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ዕድል የለኝም እኮ!»

ዕድል መኖሩን አልክድም። ሆኖም ያየሁት ነገር ሌላ ነው። ቁርጥ ያለውን መጥፎ ካርታ፣ ለምሳሌ 7ና 2ን፣ ማንም ይጥለዋል። ልጆቹን የሚጥላቸው ጥሩ የሚመስለው ደካማ ካርታ ነው፤ በተለይም አስ ከትንሽ ቁጥር ጋር።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ስለ ዕድልና ችሎታ አንድ ነገር ልበል። በስዊድን ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በምዕራቡ ጠረፍ በግሬቤስታድ የተደረገ ትልቅ የፖከር ውድድር አዘጋጆቹን አስከሰሰ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2011 ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ የውድድሩ ውጤት በዋነኛነት በአጋጣሚ የሚወሰን አይደለም ሲል፣ በዚያው ቦታ በቀጥታ በገንዘብ የተካሄደውን ጨዋታ ግን ሕገ ወጥ ቁማር ነው አለ። ካርታው ያው፣ ደንቡም ያው ሆኖ ልዩነቱ ከየት መጣ? ውድድር ረጅም ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ውሳኔ ይጠይቃል፤ ውሳኔ በበዛ ቁጥር የአንዲት ካርታ አጋጣሚ ክብደቷ ይቀንሳል። እኔ የምጨምረው፣ ከእነዚያ ውሳኔዎች አብዛኞቹ «ልጣል ወይስ ልቆይ» የሚሉ መሆናቸውን ነው። (በከተማው መሀል በኩንግስጋታን፣ በቀድሞው የፓላዲዩም ሲኒማ ቤት ውስጥ የነበረው የመንግሥት ካሲኖ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2025 ሠርቶ ተዘግቷል። ስለዚህ ልጆቹ ዛሬ የሚጫወቱት በቤትና በስልክ ነው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እነሆ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ድብቅ ካርታ ይታደለዋል። ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት በአንድ ላይ (ይህ ፍሎፕ ይባላል)፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ከሰባቱ ምርጥ አምስት ያለው ያሸንፋል። ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች የግድ የሚያስገቡት መነሻ አለ፤ ትንሹ ብላይንድና ትልቁ ብላይንድ ይባላሉ። ይህ ግዴታ በየዙሩ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። በዛሬ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ የትልቁ ብላይንድ ባለ ተራ አንቲ የሚባል ተጨማሪ ክፍያም ያስገባል። በውድድር ብላይንዱ በየተወሰነ ደቂቃ ያድጋል፤ ቺፑን የጨረሰም ይወጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከ52 ካርታ ሁለት የማውጣት መንገዶች 1326 ናቸው። ጥንድ (ለምሳሌ ሁለት 9) የሚደርሰን በአማካይ ከ17 እጅ አንዴ ነው፤ ሁለት አስ ደግሞ ከ221 እጅ አንዴ። ጥንድ ያልሆነ ካርታ ይዘን ፍሎፑ ከሁለቱ አንዱን የሚያጣምርልን ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ጊዜ ባዶ እጃችንን እንቀራለን ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁለት ሥዕል ባየ ቁጥር አይነሽጠውም።

እንግዲህ አስና 7 ይዘሃል እንበል። ከፊትህ ያለው ሰው አስና ንጉሥ ይዟል። አምስቱም የጋራ ካርታዎች ቢገለጡ አንተ የምታሸንፈው ሩብ ያህል ብቻ ነው። ይኸው ሰው ፊት 7ና 2 ይዘህ ብትቀርብስ? ሲሶ ያህል ታሸንፋለህ! የጨዋታው መናኛ ካርታ ከአስና 7 ይሻላል ማለት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጆቹ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ወረቀት አምጥተን ቆጠርን። ምክንያቱ ቀላል ነው። 7ና 2 የያዘ ሰው ሦስት 7ና ሦስት 2፣ በድምሩ ስድስት ካርታ ሊያድነው ይችላል። አስና 7 የያዘውን ግን አስ ቢመጣም አያድነውም፤ አስ ለሁለቱም ነውና፣ ከዚያ በኋላ የሚወስነው ጎን ያለው ካርታ ነው። የቀሩት ሦስት 7 ብቻ ናቸው። አበው ያህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ 7 የአሱ ባል ነው፣ ንጉሡ ሲመጣ ግን አያስጥልም።

የከፋው ደግሞ አስ ሲመጣ ነው። አስ ካልመጣ ሰው ካርታውን ጥሎ በትንሽ ኪሣራ ይወጣል። አስ ሲመጣ ግን «አገኘሁ!» ይላል፤ ይጨምራል፤ ጭማሪውንም ይከተላል። ተቃዋሚው አስ ከሌለው ይሸሽና ያገኘው ትንሽ ይሆናል፤ ተቃዋሚው የተሻለ አስ ካለው አይሸሽም፣ የሚጠፋውም ብዙ ነው። ንጉሥና 9፣ ንግሥትና 8 የመሳሰሉትም በዚሁ በሽታ የተያዙ ናቸው።

ደካማነት ግን በካርታው ላይ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ በወንበሩም ላይ አለ። ዘጠኝ ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ መጀመሪያ የመናገር ተራ የአንተ ሆነና አስና 7 ደረሰህ እንበል። ካልታዩት 50 ካርታዎች የሚወጡት ጥምረቶች 1225 ናቸው። ከእነዚህ የሚበልጡህን ቆጥሬያቸዋለሁ፦ አስ ከ8 እስከ ንጉሥ ካለው ካርታ ጋር 72፣ ሁለት አስ 3፣ ከ8 እስከ ንጉሥ ያሉ ጥንዶች 36፣ ሁለት 7 ደግሞ 3፤ ድምሩ 114 ነው። አንድ ሰው ከእነዚህ አንዱን የመያዙ ዕድል ከመቶ 9 ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ከኋላህ ግን ስምንት ሰው አለ። ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ የመያዙ ግምት ከመቶ 54 ይሆናል። ያው ካርታ፣ ሁሉም ጥለው ከኋላህ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀሩ ሲደርስህ፣ ስጋቱ ከመቶ 18 ነው። ካርታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገና ያልተናገረው ሰው ብዛት ነው። መጀመሪያ ወንበር ላይ የሚጣለው ካርታ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚጨመርበት ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ዴቪድ ስክላንስኪ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ስለ ውድድር ፖከር በተጻፈ መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ሌላው ሰው ቀድሞ የጨመረውን ለመከተል፣ ራስህ ቀድመህ ለመጨመር ከሚበቃህ የተሻለ ካርታ ያስፈልግሃል። ቀድሞ የጨመረ ሰው ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው፤ ወይ ሁሉም ይጥሉለታል፣ ወይ ካርታው ይበልጣል። ተከታዩ ያለው ሁለተኛው ብቻ ነው። በኖርስቦሪው ጠረጴዛ የማየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ለመጨመር ይፈራሉ፣ ለመከተል ይደፍራሉ። ሰው «ፈራ» እንዳይባል የሚከተለው ጭማሪ ከሁሉ ውድ ነው።

ሌላው ተደጋጋሚ ጥፋት «ከፍያለሁ እኮ» የሚለው ነው። የብላይንድ ግዴታውን ያስገባ ሰው ያንን ቺፕ የራሱ አድርጎ ያየዋል፤ ሊያስመልሰውም ሌላ ይጨምርበታል። አንዴ መሀል የገባ ቺፕ የማንም አይደለም። (አዲስ አበባ ላይ ጅምር ቤት ያለው አንባቢ ይህን ሳልነግረው ያውቃል።) ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት አስገባሁ» ሳይሆን «አሁን ስንት እከፍላለሁ፣ ስንትስ ላገኝ» የሚለው ነው። ለምሳሌ ትልቁ ብላይንድ 1 ቢሆን፣ አንቲው 1፣ ትንሹ 0.5፣ አንዱ ደግሞ 2.5 አድርጎ ቢጨምር፣ መሀል ያለው 5 ነው። የትልቁ ብላይንድ ባለቤት ለመከተል 1.5 ይከፍላል። 1.5ን ለ6.5 ብናካፍል 23 ከመቶ ነው። ስለዚህ ባለ ትልቁ ብላይንድ ብዙ መካከለኛ ካርታ ይዞ ሊከተል ይችላል፤ ዋጋው ርካሽ ነውና። ይህን ያነሣሁት ሁልጊዜ መጣልን እንደ ጥበብ የሚያይ ሰውም ስላለ ነው። ነገር ግን ርካሽነቱ ፍሎፑን ለማየት ብቻ ነው፤ ከፍሎፑ በኋላ ከተቃዋሚው በፊት የሚናገረው እሱ ነውና፣ ፍሎፑ ባዶ ካስቀረው እዚያው ማቆም አለበት።

ስለ ትናንሽ ጥንዶችና ስለ «አንድ ምልክት» በአጭሩ ልለፍ። ሁለት 4 የያዘ ሰው ፍሎፑ ላይ ሦስተኛ 4 የሚያገኘው ከ8 እስከ 9 ጊዜ አንዴ ነው። እርሱም ሆነ ተቃዋሚው ብዙ ቺፕ ካላቸው መጠበቁ ያዋጣል፤ 15 ትልቅ ብላይንድ ብቻ የቀረው ሰው ግን ይህን ሎተሪ መግዛት አይችልም። ሁለቱ ካርታዎች አንድ ምልክት ስላላቸው ብቻ የሚከተል ሰው ደግሞ ፍላሹን ፍሎፑ ላይ ሞልቶ የሚያገኘው ከ119 ጊዜ አንዴ ያህል መሆኑን ይወቅ። አንድ ምልክት መሆን የማሸነፍ ዕድልን የሚጨምረው ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ነው። መጥፎን ካርታ ጥሩ አያደርገውም።

የውድድሩ ልዩ ጠባይ የሚታየው ግን ወደ ሽልማቱ ሲቀረብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሦስት ሰዎች እኩል ቺፕ ይዘው ቀርተዋል እንበል። ሽልማቱ 5000፣ 3000 እና 2000 ክሮነር ነው። በችሎታ እኩል ከሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ዋጋ 3333 ክሮነር ነው። አንዱ ሁሉን ቺፑን አስገባ፣ አንተም ተከተልክ። ብትሸነፍ 2000 ይዘህ ትወጣለህ፤ 1333 ከሰርክ። ብታሸንፍስ? ከጠቅላላው ቺፕ ሁለት ሦስተኛው የአንተ ይሆናል። አንደኛ የመውጣት ዕድልህ ሁለት ሦስተኛ፣ ሁለተኛ የመውጣት ዕድልህ አንድ ሦስተኛ ነውና ድርሻህ 4333 ይሆናል፤ 1000 አተረፍክ። ቺፑ እጥፍ ሆነ፣ ገንዘቡ ግን እጥፍ አልሆነም። ለማግኘት 1000፣ ለማጣት 1333! ይህ ውርርድ ኪሣራ እንዳይሆን ከ100 ጊዜ 57 ማሸነፍ አለብህ። አስና 7 ይዘህ ተቃዋሚህ ሁለት 5 ቢያወጣ የማሸነፍህ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ያንሳል። «ሃምሳ ሃምሳ ነው፣ ልሞክር» የሚለው በቀጥታ ገንዘብ ጨዋታ ባይጎዳ እንኳ እዚህ ይጎዳል። ይህን ስሌት ለፖከር ያዋለው ማሰን ማልሙዝ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነበር።

ለመሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰፈራችን ያለው የኖርስቦሪ ውሃ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ ከሜላረን ሐይቅ ውሃ እየሳበ ለስቶክሆልም ይሰጣል። እንዲህ ያለ ተቋም የሚሠራ ሰው በአማካይ ቀን ብቻ አያሰላም፤ አንድ ክፉ ቀን የሚያስከትለው ጉዳት ብዙ ደህና ቀናት ከሚሰጡት ጥቅም ይበልጣልና። በውድድርም ከጠረጴዛ የወጣ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥሩ ካርታ አይጫወተውም።

አሁን ተቃራኒውን ጥፋት ሳልናገር ብቀር ሚዛኑ ይዛባል። ይህን የተማረ ሰው ከልክ በላይ ይጠነቀቅና ተቀምጦ ያልቃል። ባለ ዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ላይ አንድ ዙር ከላይ በገለጽኩት መልክ 2.5 ትልቅ ብላይንድ ያስከፍላል። 10 የቀረው ሰው አራት ዙር አለው፤ ብላይንዱ ሲያድግ ደግሞ አራትም አይሞላም። ሁለት አስ እስኪመጣ ልጠብቅ ቢል በአማካይ 221 እጅ ነው፤ 60 ትልቅ ብላይንድ ይበላዋል። በዚህ ጊዜ፣ ከፊቱ ያሉት ሁሉ ከጣሉና ከኋላው ጥቂት ሰው ከቀረ፣ ያው የነቀፍኩት አስና 7 ሁሉንም ቺፕ ቀድሞ ለማስገባት የሚበቃ ጥሩ ካርታ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይጥሉለታል፤ ንጉሥና ንግሥት ይዞ የተከተለው ሰው ቢኖር እንኳ ብልጫው የአሱ ነው። ልብ በሉ፤ ማስገባት ነው ያልኩት። ሌላው ቀድሞ ያስገባውን በአስና 7 መከተል ሌላ ነገር ነው።

የስቶክሆልሙ ተወላጅ ማርቲን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2014 በላስ ቬጋስ በዓለም ትልቁ ውድድር የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከዘጠኙ በቺፕ ብዛት ስምንተኛ ነበር። 10 ሚሊዮን ዶላሩን ወስዶ የወጣው ግን እሱ ነው። በመጨረሻው እጅ ሁለት 10 ነበረው፤ የኖርዌዩ ተጋጣሚው አስና 9። ለፍትሕ ሲባል፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር አስና 9 ደካማ ካርታ አይደለም።

ልጆቹ ግን የያኮብሰንን ትዕግሥት ሳይሆን ሌላ ታሪክ ነው የሚጠቅሱልኝ። ዶይል ብረንሰን እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 የዓለምን ሻምፒዮንነት በተከታታይ ያሸነፈው ሁለቱንም ጊዜ 10ና 2 ይዞ ነው፤ ካርታዋም በስሙ ትጠራለች። እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱንም ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ በቀረበት ጠረጴዛ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍሎፑ ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ የመጨረሻዎቹ ካርታዎች አዳኑት። 10ና 2 ይዘው የወደቁት ሰዎች ስም ለካርታ አልተሰጠም። የክሪስ መኒሜከርም ታሪክ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከ839 ተወዳዳሪዎች አንደኛ ሲወጣ፣ ንጉሥና 7 ይዞ በባዶ እጅ ሳም ፋርሃን አስፈራርቶ አስጣለው ይባላል። በመጨረሻው ካርታ ላይ ባዶ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በአራተኛው ካርታ ላይ ጭማሪ ሲያደርግ አንድ ካርታ ብቻ የቀራቸው ፍላሽና ተከታታይ በእጁ ነበሩ። ማስፈራራቱ ባይሠራ እንኳ የሚመለስበት መንገድ ነበረው። በዓርብ ማታው ጠረጴዛ የማየው ማስፈራራት ግን መመለሻ የለውም፤ ደግሞም በነፍስ ወከፍ 200 ክሮነር የከፈለ ሰው በቀላሉ አይፈራም።

የስልኩ ጨዋታ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ ለ«አንዴ ልድገም» የተመቸ ነውና። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ስፔልፓውስ የሚባል የመንግሥት መዝገብ አለ፤ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ለ1፣ ለ3 ወይም ለ6 ወር፣ አለዚያም ላልተወሰነ ጊዜ (ቢያንስ 12 ወር) ፈቃድ ካላቸው የቁማር ድርጅቶች ሁሉ ይታገዳል። የቤቱን ጠረጴዛ ግን ይህ መዝገብ አይነካውም።

ቁጥር የማያሳምነው አንባቢ ካለ ራሱ ይሞክረው። አንድ የካርታ እሽግ ይውሰድ፤ አንድ አስና አንድ 7 ለራሱ ያውጣ። የቀረውን በውዞ ለስምንት ሰው ሁለት ሁለት እየገለጠ ያድል፤ ከስምንቱ አንዱ የተሻለ አስ፣ ወይም ከ7 ጀምሮ ወደ ላይ ያለ ጥንድ ካገኘ ምልክት ያድርግ። ሃያ ጊዜ ቢደግመው ምልክቱ አሥራ አንድ ገደማ ይሆናል። ከሁለት ወር በፊት አንዱ ልጅ ይህን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ አምሽቶ አሥራ ሦስት አገኘ፤ «ጋሼ፣ ስሌትህ ተሳስቷል» አለኝ። ሌላ ሃያ ጊዜ እንዲደግመው ነገርኩት፤ ዘጠኝ መጣለት።